አንድ ሌንስ ለስንት ካሜራ?

የ2010 ዓ.ም. ክረምት ለአዲስ አበባ ፎቶ ጋዜጠኞች ፋታ አልሰጠም። ሐምሌ 7 ቀን የኤርትራው ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ፤ ሐምሌ 11 ቀን ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ ከቦሌ ወደ አስመራ ተነሣ። እንባውንም እቅፉንም ለታሪክ ያስቀሩት በዚያ የተሰለፉት ካሜራዎች ናቸው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ካሜራዎቹን በሚሠሩት ኩባንያዎች ሰፈርም የታሪክ ምዕራፍ ይገለበጥ ነበር። ነሐሴ 17 ቀን ኒኮን ዜድ የተባለ አዲስ የሌንስ ማውንት ይፋ አደረገ። ነሐሴ 30 ቀን ካኖን አርኤፍ የሚለውን አመጣ። ሁለቱም ለየራሳቸው፣ ሁለቱም አንዱ ከሌላው እንዳይገጥም አድርገው። ዘመኑ ተለውጦ፣ መስከረም 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ደመራ ሊለኮስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጀርመን ኮሎኝ በፎቶኪና ዐውደ ርእይ ዋዜማ ሦስት ኩባንያዎች አንድ መድረክ ላይ ወጡ። የጀርመኑ ላይካ፣ የጃፓኖቹ ፓናሶኒክና ሲግማ ከእንግዲህ ካሜራዎቻችንና ሌንሶቻችን በአንድ ማያያዣ ይገጣጠማሉ አሉ። ማያያዣው ኤል ማውንት፣ ኅብረቱም የኤል ማውንት ጥምረት ተባለ።

በገበያ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች ለምን እንዲህ ያለ ውል ይገባሉ? ከዚያስ በፊት ማን ሞክሮት ነበር? የቦሌ ሠርግ አንሺን ኪስ ድረስ የሚደርስ ጥያቄ ነውና መልሱን ከሥሩ ጀምሮ መከተል ይገባል። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታት የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባለሙያዎቹ ቦዲ የሚሉት የካሜራው አካል ፊቱ ላይ ክብ የብረት ቀለበት አለው። ሌንሱም ከኋላው ተመሳሳይ ቀለበት አለው። ሁለቱ ተገጣጥመው ጥቂት ሲዞሩ ቀጭ ብለው ይቆለፋሉ። ማውንት የሚባለው ይኸው ነው። ሲያዩት የቆርቆሮ ክዳን ያህል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለበቱ ምን ያህል ይስፋ፣ ጥርሶቹ ስንት ይሁኑ፣ የኤሌክትሪክ ንክኪዎቹ የት ይቀመጡ፣ ሌንሱና ቦዲው በምን ቋንቋ ይነጋገሩ የሚለው ሁሉ በዚያች ቀለበት ውስጥ አስቀድሞ ተወስኗል። ከሁሉ የሚከብደው ርቀቱ ነው። ከቀለበቱ እስከ ፊልሙ ወይም እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር መቶኛ ደረጃ ካልተጠበቀ ፎከሱ ይዛነፋል። ርቀቱ የተለያየ ከሆነ ቀለበቶቹ በሚገባ ቢገጥሙም እንኳ ምስሉ ጭጋግ ይሆናል።

ቦዲ ኤሌክትሮኒክስ ነውና በጥቂት ዓመት ያረጃል፤ አዲስ ሲወጣ አሮጌው ዋጋው ይወድቃል። ጥሩ ሌንስ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይሠራል። ስለዚህ የፎቶ አንሺ ሀብት ያለው ሌንሱ ላይ ነው። ሀብቱን ከአንድ ኩባንያ ጋር የሚያስረው ደግሞ ማውንቱ ነው። ሦስት የካኖን ሌንስ ያለው ሰው የኒኮን ቦዲ ቢያምረውም አይነካውም፤ ሦስቱን ሸጦ እንደገና መጀመር ይኖርበታልና።

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ ባሉት ስቱዲዮዎች ይህ እውነት በየሠርጉ ይታያል። በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንዱ አንሺ ከሙሽራዋ ቤት፣ ሌላው ከሙሽራው ዘንድ ይውላል፤ ማታ አዳራሽ ይገናኛሉ፤ በማግስቱ መልስ አለ። ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ሌንስ አንድ ሰው ብቻውን የለውም። ስለዚህ ይዋዋሳሉ። «ሰባ ሁለት መቶውን ለቅዳሜ ላክልኝ» ይባላል፣ ረጅሙን ሌንስ ማለት ነው፤ ሰፊው ሃያ አራት ሰባ በምትኩ ይሄዳል። ይህ መተጋገዝ የሚሠራው ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ማውንት ከያዙ ብቻ ነው። ስለሆነም ጀማሪው ካሜራ ሊገዛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያጣራው የትኛው ይሻላል የሚለውን አይደለም፤ አብረውት የሚሠሩት ምን እንደያዙ ነው። ኩባንያዎቹ ያልተስማሙበትን ማውንት ፎቶ አንሺዎቹ በሰፈር ደረጃ ተስማምተውበታል ማለት ነው። የካሜራ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ፋብሪካዎች ውል ብዙ ጽፈዋል፤ ስለዚህኛው ውል ግን ሲያወሩ አልሰማሁም። እኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ ማውንት ሁልጊዜ ችግር አልነበረም። በ1905 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ በነበሩበት ዘመን የስቱዲዮ ካሜራ የእንጨት ሳጥንና የቆዳ ወይም የጨርቅ እጥፋት ነበር። ሌንሱ አንዲት ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ይታሰራል፤ ጣውላዋ ካሜራው ፊት ላይ ትሰካለች። ሌላ ሌንስ ከመጣ አናጢ ሌላ ጣውላ ይበሳል፣ አለቀ። ርቀቱን የሚያስተካክለው እጥፋቱን እየሳበና እየገፋ በመስታወቱ ላይ የሚያየው ፎቶ አንሺ ራሱ ነው። የፓሪስ ሌንስ በለንደን ሳጥን ላይ ቢታሰር የሚከለክል አልነበረም። የቤድሮስ ልጆች ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲዘልቁ ግን ካሜራው ራሱ ከእጃቸው ሥር ተለወጠ። ትንሽና ፈጣን ሆነ፣ ሙሉ በሙሉም የብረት ሥራ ሆነ።

ለውጡን ያመጣው በጀርመን ዌትስላር ከተማ ማይክሮስኮፕ ሲሠራ የኖረው የሌይትስ ኩባንያ ነው። የኩባንያው መሐንዲስ ኦስካር ባርናክ ለሲኒማ በተሠራው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የምትሠራ፣ ኪስ የምትገባ ካሜራ ፈለሰፈ፤ ላይካ ተብላ በ1925 ገበያ ወጣች። ሌንሷ መጀመሪያ የማይነቀል ነበር። በ1930 በብሎን ጥርስ የሚጠመዘዝና የሚቀየር ሌንስ መጣ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሌንስ ለአንዲት ለተወሰነች ቦዲ ተለክቶ የሚሠራ ነበርና ከሌላዋ ጋር አይሆንም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሌይትስ ርቀቱን በ28.8 ሚሊ ሜትር ወሰነ፣ የተስተካከሉትንም ለመለየት ቀለበታቸው ላይ ዜሮ ቀረጸ። ያቺ ትንሽ ዜሮ በእኔ ግምት በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ከብዙ ታላላቅ ፈጠራዎች ትበልጣለች፤ ማንኛውም ሌንስ ከማንኛዋም ቦዲ ጋር እንዲገጥም ያደረገች ቃል ኪዳን ናትና።

የሌይትስ 39 ሚሊ ሜትር ጥርስ ብዙም ሳይቆይ ከሌይትስ እጅ ወጣ። ሶቪየቶች በካርኮቭ ፌድ የተባለችውን ቅጂ፣ ከጦርነቱ በኋላም ዞርኪን ሠሩ። ጃፓኖችም ተከተሉ። እዚህ ላይ ዛሬ ለማመን የሚከብድ አንድ እውነት አለ፤ በ1936 የወጣችው የመጀመሪያዋ ካኖን፣ ሃንሳ ካኖን የምትባለው፣ ሌንሷ ኒኮር ነበር። ካኖን ያን ጊዜ ሌንስ የመሥራት ችሎታ ስላልነበረው ሌንሱንም የሌንሱን ማያያዣም የሠራለት፣ ዛሬ ኒኮን የምንለው ኒፖን ኮጋኩ ነው። በየመንገዱ የካኖን ወገንና የኒኮን ወገን ተብለው የሚከራከሩ ወጣቶች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል፤ የተጀመሩት ሌንስ እየተበዳደሩ ነበርና።

ሁለተኛውና ሰፊው የጋራ ማውንት የተወለደው በጦርነት ፍርስራሽ ላይ ነው። ድሬስደን የጀርመን የካሜራ ሥራ ልብ ነበረች። በ1945 በቦምብ ነደደች፤ ከዚያም በሶቪየት ይዞታ ሥር ወደቀች። እዚያው በ1949 የዚያስ ኢኮን ፋብሪካ ኮንታክስ ኤስ የተባለችውን፣ ጎረቤቱ የካሜራ ወርክሾፕም ፕራክቲካን አወጡ። ሁለቱም 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥርሱ በአንድ ሚሊ ሜትር የሚራመድ አንድ ዓይነት ማያያዣ ነበራቸው። ኤም 42 ይባላል። ባለቤቱ ነኝ ብሎ በር የሚዘጋ አልነበረውም፤ ስለዚህ የፈለገ ሁሉ ወሰደው። በ1957 የጃፓኑ አሳሂ ፔንታክስን በዚሁ ጥርስ ሠራ። ያሺካ፣ ሪኮ፣ ቺኖንና ፉጂካ ተከተሉ። የምዕራብ ጀርመኑ ኤዲክሳም ነበረበት። በስተመጨረሻ በሞስኮ አቅራቢያ ያለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ዜኒትን ከ39 ወደ 42 አዞረ።

እንግዲህ ዓለም ለሁለት ተከፍሎ በሚሳይል በሚተያይበት ጊዜ የቶኪዮ ካሜራ የክራስኖጎርስክን ሌንስ፣ የድሬስደን ካሜራ የጃፓንን ሌንስ ይቀበል ነበር። ማንም ፖለቲከኛ አልፈረመበትም። አዲስ አበባ ደግሞ የሁለቱንም ዓለም ዕቃ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተቀበለች ከተማ ናት። ቦሌ በ1962 ለጄት አውሮፕላን ተከፍቶ አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ሲያበር የሚገባው የምዕራብና የጃፓን ዕቃ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ አቅጣጫው ዞረ። በ1977 የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ሲነካ ምሥራቅ ጀርመን የውጭ ምንዛሪ አጥታ ከኢትዮጵያ ቡና በጭነት መኪናና በጦር መሣሪያ ለወጠች፤ ፕራክቲካን የምትሠራው ድሬስደን የዚያችው አገር ከተማ ናት። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችም ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሄዱ፤ በዚያ ዜኒት ማንም ደመወዝተኛ የሚገዛት ካሜራ ነበረች። በንጉሡ ዘመን ፔንታክስ የገዛ አባት ቤት ልጁ ከሞስኮ የሄሊዮስ ሌንስ ይዞ ቢገባ ሁለቱ ያለ ምንም ችግር ይገጥሙ ነበር። ሥርዓቱ ተገለበጠ፤ ሌንሱ ግን አልተጣለም።

ሄሊዮስ 44-2 የሚባለው ይህ ሌንስ 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተቀዳው ከየና ዚያስ ቢዮታር ነው። ከበስተጀርባ ያለውን ቅጠልና ብርሃን እንደ አዙሪት ስለሚያሽከረክረው ዛሬም የቁም ምስል የሚያነሡ ወጣቶች ይፈልጉታል። ከዚህ ጋር አንድ ወጥመድም አብሮ ይነገር። በ1952 የወጣችው የመጀመሪያዋ ዜኒት ጥርሷ እንደ ላይካ 39 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ርቀቷ ግን 45.2። የዜኒት ሌንስ ላይካ ላይ በደንብ ይጠመዘዛል፣ አጥብቆም ይይዛል፣ ምስሉ ግን ድብዝዝ ይላል። ስለ ቀለበት ብቻ ተስማምቶ ስለ ርቀት አለመስማማት ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

ኤም 42ን የገደለው ይኸው የመስማማት ጉድለት ነው። ጥርሱ የሁሉም ነበር፤ የሚጠብቀው ግን አልነበረም። በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዓመታት የብርሃን መለኪያ ካሜራው ውስጥ ሲገባ ሌንሱ ስንት ላይ እንደተከፈተ ለቦዲው መንገር አስፈለገ። ፔንታክስ አንድ ዓይነት ምላስ ጨመረ፣ ፉጂካ ሌላ፣ ኦሊምፐስ ሌላ፣ ፕራክቲካ ደግሞ የኤሌክትሪክ ንክኪ አበጀ። ሌንሱ በሁሉም ላይ ይጠመዘዛል፤ የሚነጋገረው ግን ከወገኑ ጋር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዝግጅት ላይ ቆሞ ሌንስን ብዙ ጊዜ እያዞሩ መፍታት የሚያሳጣው ቅጽበት አለ። በ1975 ፔንታክስ ራሱ ጥርሱን ትቶ ጥቂት ሲዞር የሚቆለፈውን ኬ ማውንት አመጣ። ለሌሎችም ከፈተው፤ ሪኮ፣ ቺኖንና ኮሲና ሠሩበት። ትልልቆቹ ግን ወደ ግቢያቸው ገብተው ነበር። ኒኮን ከ1959 ጀምሮ የራሱ ኤፍ ነበረው። ሚኖልታ በ1985 በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ ሲያወጣ አዲስ ማውንት ይዞ መጣ። ካኖን በ1987 ኢኤፍን ሲያወጣ ደግሞ የራሱን የቀድሞ ደንበኞች ሜዳ ላይ ጣላቸው፤ የያዙት የኤፍዲ ሌንስ ከአዲሱ ቦዲ ጋር አልገጠመም። በንግድ በኩል ሲታይ ካኖን ትክክል ነበር፤ ኢኤፍ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት ማውንቶች አንዱ ሆኗል። ሌንሳቸው የቀረባቸውን ሰዎች ግን ያ ስኬት አልካሳቸውም።

የመተባበር ሐሳብ የተመለሰው ዲጂታል ሲመጣ ነው፤ የመለሱትም ብቻቸውን መቋቋም የከበዳቸው ናቸው። ኦሊምፐስና ኮዳክ ፎር ሰርድስ የተባለውን ክፍት ሥርዓት ጠነሰሱ፤ የመጀመሪያዋ ካሜራ ኦሊምፐስ ኢ 1 በ2003 ወጣች። ብዙ አልገፋም። በ2008 ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ መስታወቱን ከካሜራው አውጥተው፣ ርቀቱን በግማሽ ያህል ቀንሰው ማይክሮ ፎር ሰርድስን አወጁ፤ ፓናሶኒክ ጂ 1 በዚያው ዓመት መጣች። ይኸኛው ያዘ። ሲግማና ኮሲና ሌንስ ሠሩለት፤ ብላክማጂክ የሲኒማ ካሜራ፣ ዲጄአይ በሰማይ የሚበር ካሜራ አቀረቡለት። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ግን በክፉ ቀን ነው። ኦሊምፐስ ከሰማንያ ዓመት በላይ የቆየበትን የካሜራ ሥራ በ2021 መጀመሪያ ላይ ሸጦ ወጣ። የኦሊምፐስ ሌንስ የነበረው ሰው ግን ሀብቱ አልከሰመም፤ ሥራውን የገዛው ድርጅት ቀጠለ፣ ፓናሶኒክም በዚያው ማውንት ቦዲ ይሠራ ነበር። ሳምሰንግ ኤንኤክስ የተባለውን የግሉን ማውንት ሲተው፣ ኒኮንም ኒኮን 1ን በ2018 ሲዘጋ የደረሰውን ከዚህ ጋር ያነጻጽሩ። የእነዚያ ሌንሶች ባለቤቶች ወላጅ አልባ ዕቃ ታቅፈው ቀሩ።

ወደ ኮሎኙ ውል እንመለስ። ማያያዣውን ላይካ በ2014 ለቲ ካሜራው ሠርቶት ነበር፤ በ2015 ትልቅ ሴንሰር ላላት ኤስኤል አዋለው። የውስጥ ስፋቱ 51.6 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጉድለት ነበረባቸው። ላይካ ስምና ጥራት እንጂ ብዛት የለውም፤ ዋጋውን የሚችል ሰውም ጥቂት ነው። ፓናሶኒክ ኤሌክትሮኒክስና ቪዲዮ ያውቃል፣ ፋብሪካ አለው፤ በሙሉ ፍሬም፣ ማለትም በትልቁ ሴንሰር፣ ግን ምንም አልነበረውም፣ ከዜሮ ሌንስ ልሥራ ቢል ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ሲግማ በ1961 የተቋቋመ፣ በፉኩሺማ ግዛት አይዙ በሚባል ቦታ የሚሠራ የቤተሰብ ኩባንያ ነው፤ የመሥራቹ ልጅ ካዙቶ ያማኪ ይመሩታል። ሌንሱ ዓለም ያወቀው ነው፤ የራሱ ካሜራ ማውንት ግን ከራሱ በቀር ማንም አልሠራበትም። ሲግማ ያን ማውንት ለመተው ቆረጠ። ይህን ውሳኔ ሳስበው ከሦስቱ የደፈረው እሱ ይመስለኛል፤ የገዛ ሥራን ቀብሮ በሌላ ሰው ስም በሚጠራ ማውንት መቀጠል ቀላል አይደለምና። በ2019 የፓናሶኒክ ኤስ 1 እና ኤስ 1 አር፣ የሲግማ ኤፍፒ ወጡ። በኋላም ዲጄአይ፣ ብላክማጂክና ሳምያንግ ወደ ጥምረቱ ገቡ።

ጥምረት የሚለው ስም ለቦሌ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. የስታር አሊያንስ አባል ሆኗል። በ1997 አምስት አየር መንገዶች የመሠረቱት ያ ኅብረት አባላቱ በመስመር እየተፎካከሩ መንገደኛውን ግን በአንድ ጉዞ እንዲያስተላልፉት ያደርጋል፤ በቦሌ የገባ ሻንጣ በሌላ አየር መንገድ መጨረሻው ድረስ ይሄዳል። የኤል ማውንትም አሠራር ይህን ይመስላል። ሲግማ ከፓናሶኒክ ገበያ ይሻማል፤ የሲግማን ሌንስ የገዛ ሰው ግን በፓናሶኒክ ቦዲ ላይ ፎከሱም፣ መንቀጥቀጥ ማርገቢያውም፣ የሶፍትዌር ማሻሻያውም እንዲሠራለት ተስማምተዋል። ከኤም 42 የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጠባቂ አለው። ጠባቂው ላይካ ነው፤ የማውንቱ ባለቤትም ፈቃድ ሰጪም እሱ ነው። ይህ ጥንካሬም ስጋትም አለው፤ ኤም 42ን ያለ ፈቃድ ማንም ሠራበት፣ በኤል ማውንት ግን የሚገባው የተፈቀደለት ነው።

የሌሎቹን መንገድ ያየ ሰው ግን ይህን ስጋት አያጋንነውም። ሶኒ ከ2011 ጀምሮ የኢ ማውንቱን መሠረታዊ ዝርዝር ለሌንስ ሠሪዎች ያለ ክፍያ ሰጠ፤ ዛሬ ለሶኒ የሚሆን ሌንስ በየዋጋው ሞልቷል። ካኖን ግን አርኤፍን ዘጋ። በ2022 ቪልትሮክስ የተባለው የቻይና ኩባንያ የአርኤፍ ሌንሶቹን መሸጥ እንዲያቆም ተጠየቀና አቆመ። ሲግማና ታምሮን በካኖን ፈቃድ ሌንስ እንደሚያወጡ የተነገረው በ2024 ነው፤ ያውም ለትንሹ ሴንሰር ብቻ። ለስድስት ዓመታት የካኖን አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው በራሱ ፎከስ የሚያደርግ አዲስ ሌንስ የሚያገኘው በአመዛኙ ካኖን ባወጣው ዋጋ ነበር።

ማውንት መቀየር ለትልቅ ድርጅትና ለግለሰብ እኩል አይከብድም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 በደረሰበት አደጋ 157 ሰዎች ሲያልቁ የአሶሺዬትድ ፕሬሱ ሙሉጌታ አየነ በስፍራው የሐዘንተኞችን ምስል አንሥቷል፤ ሥራው በ2020 የዎርልድ ፕሬስ ፎቶን የሰበር ዜና ተከታታይ ምስሎች አንደኛ ሽልማት አሸንፏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አሶሺዬትድ ፕሬስ በዓለም ዙሪያ ያሉትን ፎቶ ጋዜጠኞቹን በሙሉ በሶኒ ካሜራ ሊያስታጥቅ መወሰኑን አስታወቀ። አንድ ትልቅ የዜና ወኪል ከአንድ ማውንት ወደ ሌላው የሚዞረው እንዲህ ነው፤ ሌንሱም ቦዲውም በድርጅቱ ወጪ ይለወጣል። ገርጂ ላይ ስቱዲዮ የከፈተ ወጣት ግን የሚያዞረው በራሱ እቁብ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከበደ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። በዶላር የሚገዛ ሌንስ በብር ሲታሰብ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? ከዚያ በፊት ሁለተኛ ሌንስ በዓመቱ እገዛለሁ ያለ ሰው አሁን የሚያስበው ያለውን ስለ መጠበቅ ነው። አይዳ ሙሉነህ በ2010 በመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ላይ የአፍሪካንም የዓለምንም ሥራ አይተው ወደ ሙያው የገቡ ብዙዎች አሉ፤ ዓይን አላቸው፣ የሚያንሳቸው መሣሪያ ነው።

አጭር ርቀት ያላቸው አዲሶቹ ማውንቶች ለእነዚህ ሰዎች አንድ በጎ ነገር አምጥተዋል። የኤም 42 ርቀት 45.46 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኤል ማውንት 20። መካከሉ ላይ የሚቀረው 25 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ክፍተት ስለሆነ ቀላል የብረት አዳፕተር ይሞላዋል፤ መስታወት አያስፈልገውም፣ የምስሉን ጥራትም አይነካም። የአባት ሄሊዮስ በዘንድሮ ቦዲ ላይ ይሠራል፣ ፎከሱን በእጅ እያዞሩ። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶችም 44 ሚሊ ሜትር ናቸውና የኤሌክትሪክ ንክኪ ባለው አዳፕተር ወደ ኤል ይሻገራሉ፤ ሲግማ ራሱ ይሠራዋል። ባለካኖኑ ሌንሱን ሳይሸጥ ቦዲውን ብቻ ሊቀይር ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ በቦሌ ኤል ማውንት ለምን ብዙ አይታይም? አንዱ ምክንያት ቴክኒካዊ ነበር። ፓናሶኒክ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ ሌሎቹ የሚጠቀሙበትን የፎከስ ዘዴ አልያዘም፤ ሙሽሮች ወደ ካሜራው እየጨፈሩ ሲመጡ ፎከሱ ያመነታ ነበር። ለሠርግ ቪዲዮ ይህ ይቅር የሚባል ስህተት አይደለም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ይፋ በሆነችው ኤስ 5 ማርክ ሁለት ተስተካክሏል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ካሜራው ላይ አይደለም። መስከረም 15 ላይካ፣ ፓናሶኒክና ሲግማ ብቻቸውን የማይችሉትን አብረው ለመቻል ተዋዋሉ፤ የቦሌ ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ከዚያ በፊት በካኖንና በሶኒ ላይ ተዋውለው ነበር። ከዚህ ውል አንዱ ብቻውን ቢወጣ፣ የገዛው ማውንት የቱንም ያህል ክፍት ቢሆን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰባ ሁለት መቶ የሚያውሰው አያገኝም። የሚወጣ ካለ አብረው የሚሠሩ ሦስት ወይም አራት ሰዎች በአንድ ላይ መክረው፣ ማን ሰፊውን ማን ረጅሙን እንደሚገዛ ተከፋፍለው መውጣት አለባቸው። ከጥር በፊት ያሉት ወራት ሠርግ የሚሳሳባቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ምክር ለመቀመጥ የሚመቹትም እነሱ ናቸው።